ሁሉም ቄስ ተዋበን ሲመስል

የአጎቴ ልጅ ደምሰው ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ በቀለለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ኔታንያ ከተማ፣ ራማት የዲዲም በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ፣ የጎረቤት አሮጊት የገዛችውን ዕቃ ሳትጠይቀው አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚሸከም፣ ሲናደድ እንኳ ድምፁ ከፍ የማይል ሰው ነው። ልጁን ምን እንዳደረጋት ሳስብ ግን፣ ጸጉር ቤቴ ውስጥ ቆሜ እየሠራሁ ሳለ ማበጠሪያውን ጸጉር ውስጥ እረሳዋለሁ። ደንበኛዋ በመስተዋቱ እያየች ምን ሆንሽ ትለኛለች። ምንም አልሆንኩም እላታለሁ።

ደምሰው ደንቢያ ተወልዶ በአሥራ ምናምን ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወደዚህ ወደ እስራኤል መጣ። አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፣ ከዚያ ወታደር ቤት፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። እኛ ወይ ሐኪም ወይ ጠበቃ ይወጣዋል ስንል እሱ ሎጂክ የሚባል ነገር ተማረ። አባቱ አጎቴ ጎበዜ ልጅዎ ምን ይሠራል ሲባሉ "ከማኽሼቭ ጋር ይከራከራል" ይሉ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ማለታቸው ነው። ያን ያህልም አልተሳሳቱም። ኔታንያ የፋብሪካዎቹ ሰፈር ካለ አንድ ትንሽ ድርጅት ተቀጥሮ ለመለዋወጫ መጋዘኖች ፕሮግራም ይጽፋል። ጋራዡ አንድ ዕቃ ይጠይቃል፤ ዕቃው ከሌለ የደምሰው ፕሮግራም የለም ብሎ አያባርረውም። የሚቀርበውን ይፈልግና ይህኛው ይህን ያህል ይመስለዋል ይላል።

አንድ ቀን ሚስቱ አገኘሁሽ ጸጉሯን እስክትሠራ ሲጠብቅ፣ ሥራው ምን እንደሆነ እንዲያስረዳኝ ለመንኩት። ደስ አለው። ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ነው መሰለኝ ሲናገር ፊቱ ሁሉ በራ። ለማሽኑ የምታውቂውን ትነግሪዋለሽ አለኝ፤ የእገሌ አባት እገሌ ነው ብለሽ። ከዚያ ሕግ ትሰጪዋለሽ፤ የአባት አባት አያት ነው ብለሽ። ከዚያ ስትጠይቂው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ መልሱን ያወጣል። ሌሎች ፕሮግራሞች ሁለት ነገሮች ካልተካከሉላቸው እዚያው ይቆማሉ። የእሱ አይቆምም። ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ያያል፣ ያንን ቁጥር ይዞ ይሻገራል። አንድ ከሆነ ሁለቱ ያው ናቸው፣ ዜሮ ከሆነ ፈጽሞ አይገናኙም። በመንገዱ ላይ ብዙ መሻገሪያ ካለ፣ የመጨረሻው መልስ የሚያገኘው ከሁሉም ያነሰውን ቁጥር ነው። ደግሞም አንደኛው ሁለተኛውን ከመሰለ፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን ከመሰለ፣ አንደኛውና ሦስተኛውም ይመሳሰላሉ፤ እሱም ከሁለቱ ቁጥሮች ከትንሹ አይወርድም። በመጨረሻ ገደብ ይደረጋል። መልሱ ከገደቡ በታች ከሆነ ማሽኑ ዝም ይላል።

ይህ ሁሉ ለመኪና ዕቃ ጥሩ ነው። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ለመኪና ዕቃ ብቻ በቀረ።

እኛ ቤተ እስራኤሎች ዘንድ ሁለት ልጆች ከመጋባታቸው በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በአባትም በእናትም ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ተወጥቶ የጋራ ሰው ከተገኘ፣ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህን የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ነበሩን። ጋቢያቸውን አጣፍተው ይቀመጣሉ፣ የዚህን ቤት የዚያን ቤት በቃላቸው ይወርዱታል፣ ከዚያ ወይ ንጹሕ ናችሁ ይላሉ ወይ አይሆንም ይላሉ። የሰፈራችን ትልቁ ቆጣሪ ሲሞቱ፣ ለቅሶው ላይ አንዲት እናት ከእንግዲህ ልጆቻችንን ማን ይለያቸዋል ብላ አለቀሰች። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠና ወደ ቤቱ ሄደ። ደምሰው ግን ነገሩን ከልቡ ያዘው።

ከሥራ እየወጣ ከሽማግሌ ቤት ወደ ሽማግሌ ቤት ይሄድ ጀመር። የእያንዳንዱን ቤት አባትና ልጅ እየጠየቀ ለማሽኑ አስገባ። እስከ አራተኛውና አምስተኛው ቤት ድረስ ቀላል ነበር። ከዚያ ክፉ ቀን ይመጣል። ከብቱ አልቆ ሰው በረሃብ የተበተነበት ዘመን ነው፤ አንዱ ደንቢያ ላይ ሸማኔ ሆኖ ይጠፋል፣ ሌላው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ወገራ ላይ ብረት ቀጥቃጭ ሆኖ ይገኛል። የጠፋው ያ፣ የተገኘው ይህ ነው ወይ? በዓይኑ ያየ በሕይወት የለም። ደምሰው የመጋዘኑን ብልሃት ያመጣው እዚህ ላይ ነው። አገሩን፣ ዘመኑን፣ ሙያውን አመሳከረ፤ በዚያ ላይ የየቤተሰቡን ትልልቅ ሰዎች ይህ ሰው ያንን ይመስላል ወይ ብሎ ጠየቀ። እንደ መልሳቸው ጥንካሬ ቁጥር ሰጠ። ገደቡን ግማሽ ላይ አደረገው፤ በዘመድ ነገር መጠንቀቅ ይሻላል ብሎ።

ሰው ወደደው። ልጆቻቸውን ለመዳር ያሰቡ ወላጆች ከሐዴራም ከሬሖቮትም ይደውሉለት ጀመር። ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ስለሚል፣ ዝም አለ ማለት ንጹሕ ናችሁ ማለት ሆነ። ከእሱ ዘንድ ተመልሰው ጸጉር ለመሠራት የሚመጡ ሙሽሮችን አስታውሳለሁ፤ ሁሉም ደስተኞች ነበሩ። እኔም በአጎቴ ልጅ እኮራ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሊኢል የደምሰው የመጀመሪያ ልጅ ናት። ከወታደር ቤት ወጥታ ነርስነት እየተማረች ነበር። ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ልጅ ናት፣ ወይም ነበረች። ዩቫል ነቬ ኢታማር የሚባለው ሰፈር ልጅ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ሁለቱ የተገናኙት እኔ ቤት ነው፤ የጸጉር ቤቴ መብራት ተበላሽቶ ሊሠራ ሲመጣ እሷ ጸጉሯን እየታጠበች ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለ ወትሮዋ በየሳምንቱ ጸጉር መታጠብ አማራት፣ የእኔም መብራት በየሳምንቱ የሚበላሽ ሆነ። ሁለቱንም ዝም አልኳቸው። እንዲያ ሲተያዩ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

የዩቫል እናት ብዙዓየሁ የመጣችው ከእኛ ብዙ ዘግይታ ነው። ዩቫል ያን ጊዜ የታዘለ ሕፃን ነበር፣ ስሙንም ያገኘው እዚህ ነው። አያቶቿ በችግር ዘመን ሃይማኖታቸውን ለውጠው የነበሩ፣ እሷና ባሏ ወደ አይሁድነት የተመለሱ ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለውን ቤተሰብ በጎን የሚያይ ሰው አይጠፋም፤ እነሱ እኮ ከየት እንደመጡ አይታወቅም የሚል ምላስ አለ። ብዙዓየሁ ለዚያ ምላስ አንድ መልስ ነበራት። የእኛ ቤት የቄስ ተዋበ ዘር ነው ትላለች። ቄስ ተዋበ ከክፉ ቀን በፊት በደንቢያ የታወቁ፣ ሰው ሁሉ በስማቸው የሚምል ቄስ ነበሩ። በረሃቡ ጊዜ ጠፉ፣ መቃብራቸውም አይታወቅም። እሷ እንደምትለው ሸሽተው ወገራ ገብተው፣ ስማቸውን ደብቀው፣ ብረት እየቀጠቀጡ ልጆች ወልደዋል። ደምሰው ሲጠይቃት ይመስላሉ አላለችም፣ ናቸው ነው ያለችው። ሌላ ምስክር ስላላገኘ ዜሮ ነጥብ ሰባት ሰጣት።

ሠርጉ ቴል ሞንድ በብርቱካን እርሻ መካከል ባለ አዳራሽ ሊሆን ቀን ተቆረጠ። ማሽኑን ማንም አላስታወሰም። ያስታወሰችው ሊኢል ራሷ ናት፣ ለጨዋታ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ እናቷ ለሰንበት እያበሰለች ሳለ፣ አባቷ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የሰውን ሁሉ ልጅ እየቆጠርክ የእኛን ሳትቆጥር አለችው። እሱም ሳቀ። የሁለቱን ስም አስገባና ጠየቀ። ማሽኑ ዝም አላለም።

አገኘሁሽ እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ የሳቀችው ሊኢል ናት። "አባ፣ ባግ አለበት" አለችው፣ ፕሮግራሙ ስሕተት አለበት ማለቷ ነው። እሱ አልሳቀም። መንገዱን ከላይ እስከ ታች አየው። አምስተኛው ቤት ላይ፣ በእሷም በዩቫልም በኩል፣ አንድ ሰው ቆሟል። ዜሮ ነጥብ ሰባት ይላል። ከዚህ ባነሰ ቁጥር ሌሎችን አይሆንም ብሎ መልሷል። አገኘሁሽ ማሽኑን ዝጋው አለችው፣ ማንም አላየም አለችው። ሊኢል ግን አይታለች።

ብዙዓየሁ ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። የአጎቴ የጎበዜ ቤት፣ የተከበረው ቤት፣ በቄስ ተዋበ በኩል ዘመዷ መሆኑ በማሽን ተመሰከረላት። ልጇ ምን እንደተወሰደበት የገባት ዩቫል ወደ ቤት መጥቶ ሳይበላ ሲተኛ ነው።

ደምሰው መንገዱን ደጋግሞ መረመረው። ከሲታ ነበር፣ ጭራሽ አጥንቱ ወጣ። ያገኘውን ሊነግረኝ ጸጉር ቤት መጥቶ፣ ደንበኛ እያለ፣ ቆሞ ያወራ ጀመር። የብዙዓየሁ የወገራ ቀጥቃጭና የአጎቴ ጎበዜ አያት፣ ሸማኔው ዘለቀ፣ በምንም አይመሳሰሉም። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነበር ይባላል፣ በዕድሜም በሙያም በአገርም አይገናኙም። ማሽኑ በቀጥታ ቢጠየቅ ዝም ይል ነበር። ግን ብዙዓየሁ ቀጥቃጩ ቄስ ተዋበ ናቸው ብላለች። አጎቴ ጎበዜም ሸማኔው ዘለቀ ቄስ ተዋበን ይመስላል ብለዋል፤ ለእሳቸው ቃል ዜሮ ነጥብ ስምንት ሰጥቷል፣ አባቱ ናቸውና። ሁለቱ በቄሱ በኩል ተገናኙ። ከዚያ ሌሎቹን ቤቶች ሲያይ፣ ግማሹ ሰፈር የጠፋ አያቱን ወደ ቄስ ተዋበ አስጠግቶታል። ማንም ሰው አያትህ ማንን ይመስል ነበር ሲባል ሌባ ይመስል ነበር አይልም። ሁላችንም ወደ ቄሱ ተጠጋን፣ በቄሱ በኩል ሁላችንም ወንድምና እህት ሆንን። እኔም የቄስ ዘር ነኝ እያልኩ ነው ያደግሁት። ያን ቀን ሰፈሬን በሙሉ ጠላሁት።

ደምሰው ነቬ ኢታማር ሄዶ ብዙዓየሁን ለመናት። ቀጥቃጩ ቄሱ ላይሆን ይችላል ብለሽ ቃልሽን አላልተሽ ስጪኝ፣ ልጆቹ ይጋቡ አላት። ጭንቅላቷን ያዘች። እህቷ ጎንደር ላይ ከነልጆቿ መምጫዋን እየጠበቀች ነው፤ ወደዚህ መግቢያ ለሚፈቅደው መሥሪያ ቤት የዘራችን ማስረጃ ብለው የተናገሩትም ይህንኑ ቄስ ነው። እኔ እዚህ አይደለም ካልኩ እሷ እዚያ ትቀራለች አለችው፤ ልጄን ወይስ እህቴን፣ አንተው ምረጥልኝ። ደምሰው ተነሥቶ ወጣ።

የቀረው የራሱ አባት ነው። አጎቴ ጎበዜ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ እኔም ምሳ ይዤላቸው ሄጄ እዚያው ነበርሁ። ደምሰው ሰላም እንኳ በወጉ ሳይል ጠየቃቸው።

"አባዬ፣ ሸማኔው ዘለቀ ቄስ ተዋበ ናቸው ብለውኝ ነበር።"

"ናቸው አላልሁም" አሉ። "ይመስላሉ ወይ አልኸኝ፣ ይመስላሉ አልሁ።"

"አያትዎን አይተዋቸው ያውቃሉ?"

"ከየት አይቼ። ሳልወለድ ሞቷል።"

"ታዲያ ለምን አሉኝ?"

አጎቴ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ከዚያ ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ፣ "አያቴን እኮ ነው የጠየቅኸኝ። ቄሱን አይመስልም ብዬ ለልጄ ልንገረው?" አሉት።

ደምሰው እግራቸው ሥር ቁጭ አለና አለቀሰ። ያን ያህል ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እኔ ግን ደስታ ነው ብዬ ነበር፣ መውጫ ተገኘ ብዬ። እሱም እንዲያ ሳይመስለው አልቀረም። እዚያው ማሽኑን ከፈተና የአባቱን ዜሮ ነጥብ ስምንት ወደ ዜሮ ነጥብ ሁለት አወረደው። ጠየቀው። ማሽኑ ዝም አለ።

ሊኢልና ዩቫልን ባሕሩ አጠገብ፣ ገደሉ ላይ ካለው መናፈሻ ጠራቸው። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ደስታውን ላይ ብዬ ነው፣ ያየሁትን ግን ባላየሁ። ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ቦርሳዋ ተቀምጧል። እንዲህ ተራርቀው ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ደምሰው ከመቀመጡ በፊት ተሳስቼ ነበር አላቸው፣ ዘመዳሞች አይደላችሁም፣ ማሽኑ ዝም ብሏል። ከቄሱ እስከ አባቱ ያለውን ሁሉ በዝርዝር ነገራቸው። ዩቫል ፊቱ ተፈታና ቦርሳውን አንሥቶ መሬት ላይ አደረገው። ሊኢል አልተንቀሳቀሰችም።

"ዝም ያለው ከገደቡ በታች ስለሆነ ነው፣ ናኾን?" አለችው።

ደምሰው አዎ፣ ልክ ነሽ አላት።

"ስንት ነው?"

እዚህ ላይ ዜሮ ነው ቢላት ኖሮ! ሌላ አባት ይላት ነበር። እኔ እላት ነበር። ደምሰው በሕይወቱ ቁጥር ዋሽቶ አያውቅም፣ "ዜሮ ነጥብ ሁለት" አላት።

"ለምን ዜሮ አይሆንም?"

በዚያ ዘመን የነበረ ሰው በሕይወት የለም አላት። ሁለቱ ሰዎች አንድ አይደሉም ብሎ የሚምልለት የለም፤ የሁሉም ሰው እንዲሁ ነው፣ እኔና እናትሽም ብንቆጠር እንዲሁ ነበርን አላት። ሊያጽናናት ነው ይህን ያለው። እሷ ግን ዞራ ዩቫልን አየችው፣ ጆሮውን፣ አገጩን፣ የእጁን ጣቶች፣ ነርስ በሽተኛ እንደምታይ። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ እሱ ላይ የሳባ ጎበዜን ጆሮ ነው የማየው አለች፣ አያቷን ማለቷ ነው፤ ሲያቅፈኝ አብሮኝ የሚያድር ቁጥር አለ፣ ሳላስበው እቆጥራለሁ አለች። ይህን ስትል አላለቀሰችም።

ዩቫል ተነሥቶ ደምሰው ፊት ቆመ። ለእሱ አዘንኩለት።

"ጋሼ፣ ኤፌስ አድርገው" አለው። "ዜሮ አድርገው። በቃ።"

"አደርገዋለሁ" አለው ደምሰው። "አሁን እዚህ ቆሜ ማድረግ እችላለሁ። ግን ያደረግሁት እኔ መሆኔን ታውቃላችሁ።"

ዩቫል አጎነበሰ። ቦርሳውን ከመሬት አንሥቶ፣ አራግፎ፣ ለሊኢል ሰጣት። ከዚያ ለብቻው በባሕሩ ዳር መንገድ ሄደ። እሷ እስኪሰወር አየችው፣ አልጠራችውም።

አጎቴ ጎበዜ ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ የማይወጡትን ደረጃ ወጥተው ደምሰው ቤት ደረሱ። ሊኢል በሩን ከፈተች። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑና እንደ ድሮ ሽማግሌዎች ቆጠሩላት፤ የእሷን ቤት ሰባት፣ የዩቫልን ቤት ሰባት፣ የሚያውቁትን በስሙ፣ የማያውቁትንም አንድ ስም እየሰጡ። ሲጨርሱ ንጹሕ ናችሁ ልጄ፣ ተጋቡ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን አሉ። በእኛ ዘመን ይህ ቃል ይበቃ ነበር። ስንት እናቶችና አባቶች በዚህ ቃል ተጋብተው ወልደው ከብደዋል፤ ማን ያውቃል ስንቱ ቤት ተሳስቷል፣ ግን ሰው ማታ ተኝቶ ያድር ነበር።

ሊኢል ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ሳባ፣ እንዴት ያውቃሉ?" አለቻቸው።

እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እጃቸውን ከራሷ ላይ አነሡና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ደምሰው ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበር። ልጁን እንዴት ታውቃለህ፣ ምን ያህል ታውቃለህ ብላ እንድትጠይቅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው፤ ስትጠይቅ እየሳቀ ጎበዝ ይላት ነበር። ያን ቀን ዞሮ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ።

ሠርጉ ቀረ። ዩቫል ሥራውን ወደ ሰሜን ቀየረ፤ ብዙዓየሁ ገበያ ላይ ስታገኘኝ ፊቷን ታዞራለች፣ እህቷም እስካሁን አልመጣችም። ደምሰው ፕሮግራሙን ከያዘው ስም ሁሉ ጋር ደመሰሰው። ሰዎች አሁንም ሲደውሉለት ወደ አባቱ ይልካቸዋል፣ አጎቴም ለመጣው ሁሉ ንጹሕ ናችሁ ይላሉ፣ ሰዉም አምኖ ይጋባል። እኔ የእነዚያን ሙሽሮች ጸጉር እሠራለሁ። አንዳንዴ ማበጠሪያውን አስቀምጬ መውጣት ያምረኛል።

ሊኢል ቤርሸባ ሄዳ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። ሰው እንድትተዋወቅ ስንነግራት ማንንም ማየት አልችልም ትላለች፤ ሁሉም ሰው ትንሽ ዘመድ ነው ትላለች። ዓርብ ዓርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ለእናቷ ትደውላለች። ደምሰው ከስልኩ አጠገብ አይጠፋም፣ ገና ሲጮህ ያነሣዋል። እሷም ደህና ዋልክ አባ ትለውና፣ እናቴን ስጠኝ ትለዋለች።